ድንጋዩን ያስጠጋው ጅብ

አንድ ጊዜ አያ አንበሳ በዋሻው ደጃፍ አንድ ሽማግሌ ዝግባ ነበረው። ያንን ዝግባ «ረጅም» ማለት እሱን መስደብ ነው። አሞራ ጫፉ ላይ ጎጆ ሠርታ አንድ እንቁላል ቢያመልጣት፣ እንቁላሉ መሬት ሳይደርስ በመንገድ ይፈለፈላል፤ ጫጩቱ በመንገድ ላባ ያወጣል፤ ከዚያ «ምን ልሠራ ነው የምወርደው?» ብሎ ወደ እናቱ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ዛፍ ነበር።

እርጅና ግን ለማንም አያዝንም። አንድ ክረምት ዝናቡ ሥሩን ሲያርሰው ሲያርሰው ከረመና ዝግባው ዘመመ። ያን ያህል ሰፊ ሜዳ በአንድ ወገን ተዘርግቶለት ሳለ፣ የዘመመው በቀጥታ ወደ አያ አንበሳ ዋሻ ነው። ነፋስ ሽው ባለ ቁጥር «ቀጭ... ቀጭጭ...» ይላል። አያ አንበሳ በአንድ ዓይኑ ይተኛል፣ በአንዱ ዛፉን ይጠብቃል። እንቅልፍ ያጣ አንበሳ ደግሞ ለጎረቤት አይሆንም። በዚያ ሰሞን «እንዴት አደሩ?» ብሎ የጠየቀው ይበላል፤ ሳይጠይቀው ያለፈም ይበላል።

በመጨረሻ አራዊቱን ሁሉ ጠርቶ አገሣ።

«ይህን ዛፍ ወደ ሜዳው ለሚጥልልኝ የሰባ ሰንጋ አርዳለሁ! ሥራዬን ያበላሸ ግን ሰንጋው ይቀርና እሱ ይታረዳል!»

አያ ጅቦ ከሁሉ ኋላ ተቀምጦ ነበርና ከንግግሩ ሁሉ የደረሰው «ሰንጋ» የምትለዋ ብቻ ናት። እሷም በጆሮው አልገባችም፤ በሆዱ ነው የገባችው። የአያ ጅቦ ሆድ እንደ ሌላ ሆድ አይጮህም፤ ቁጭ ብሎ ያወጋል፣ ይመክራል፣ ይቆጣል። ከሁለቱ ጌታው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተፈረደም።

«ሰማህ?» አለው ሆዱ።

«ሰማሁ» አለ ጅቦ።

«ታዲያ ምን ይጎልትሃል?»

ጅቦ ከመነሣቱ በፊት እሜቴ ቀበሮ ጅራቷን እንደ ኩታ አጣፍታ ከመሐል ብቅ አለች።

«ጌታዬ፣ ለዚች ነው እንዲህ እንቅልፍ ያጡት? ዛፍ መጣል እኮ ከአያቴ የወረስኩት ሙያ ነው። ያ ከወንዙ ማዶ ያለው ሜዳ ለምን ሜዳ የሆነ ይመስልዎታል? አያቴ ናታ!»

እሜቴ ቀበሮ በዕድሜዋ የጣለችው ነገር ቢኖር ዶሮ ነው። አፍ ያለው ግን ሙያን ከጎረቤት ይዋሳል። ዕለቱን ሮጣ አባ ዝንጀሮን ለመነች። አባ ዝንጀሮ ዕድሜውን ሁሉ ዛፍ ሲጥል የኖረ፣ አንድ ጆሮውን ደረቅ ቅርንጫፍ የወሰደበት፣ የጅራቱን ጫፍ ደግሞ ግንድ የተቀመጠበት ሽማግሌ ነው። ከዚያ እሜቴ አህያን ቅርንጫፍ እንድታጓጉዝ ቀጠረች። አያ ጅቦንም አንገቱ ጠንካራ፣ ጥያቄው ጥቂት ነው ብላ መረጠችው።

«አያ ጅቦ፣ ሥራ አለልህ» አለችው።

«ምን ይበላል?»

«ሥራ ነው እኮ ያልኩህ!»

«ሰምቻለሁ። ምን ይበላል?»

«ሰንጋ። ግን ዛፉ ከወደቀ በኋላ ነው።»

«እንግዲያ ምን እናወራለን? ዛፉ የታለ? ልንከሰው?»

ዛፍ እንዲህ አይጣልም። አባ ዝንጀሮ መጥረቢያውን ከማንሳቱ በፊት ዛፉን ይለካል። ዛፍ የሚለካው ደግሞ ተወጥቶ አይደለም። ጀርባን ለዛፉ ሰጥቶ ራቅ፣ ራቅ እያሉ መሄድና አልፎ አልፎ ጎንበስ ብሎ በእግር መካከል ወደ ኋላ ማየት ነው። የዛፉ ጫፍ ካልታየ ገና ነው፤ ራቅ ማለት ነው። ጫፉ በእግር መካከል ብቅ ካለ ግን ልኩ እዚያ ላይ ነው፤ ዛፉ ሲወድቅ አናቱ የሚያርፈው እዚያ ቦታ ነው። ይህን የዛፍ ጣይ ዘር ሁሉ ያውቀዋል።

አባ ዝንጀሮም እየራቀ፣ እያጎነበሰ፣ እየራቀ፣ እያጎነበሰ ሄደ። አያ አንበሳ ደግሞ በዛፉ ሥር፣ በዋሻው ደጃፍ ተጋድሞ ነበር። የዝንጀሮ መቀመጫ ምን እንደሚመስል የማያውቅ የለም።

«አንተ ሽማግሌ!» ብሎ ጮኸ አንበሳ። «ያንን መላጣ ለማን ነው የምታሳየው?»

«ልኬት ነው ጌታዬ!» አለ አባ ዝንጀሮ በእግሮቹ መካከል። «ዛፉ ከእርስዎ ጎን ቆሞብኝ ነው እንጂ፣ ለእርስዎማ ሌላ ፊት ነበረኝ!»

አያ አንበሳ ፊቱን ወደ ዋሻው አዞረ። ንጉሥም ቢሆን የማያየው ነገር አለው።

ጫፉ በታየበት ቦታ አባ ዝንጀሮ የጅብ ራስ የሚያክል ነጭ ድንጋይ አስቀመጠ።

«እዩ» አለ፣ ሁሉንም ሰብስቦ። «ይህ ዛፍ ወደ ዋሻው ያዘመመ ነው። በመጥረቢያ ብቻ ከቆረጥነው ጌታችን ላይ ይተኛል። ስለዚህ ከላይ እናስረዋለን፣ እኔ ከሥር ስቆርጥ አንድ ጎታች ወደ ሜዳው ይስበዋል። ጎታቹ የሚቆመው ከዚህ ድንጋይ ወዲያ ነው። ከድንጋዩ ወዲህ የቆመ ከዛፉ ጋር ይተኛል፤ ዛፉም አይነሣም፣ እሱም አይነሣም። መጫኛውም ከድንጋዩ አልፎ የሚተርፍ መሆን አለበት።»

መጫኛውን ያመጣችው እሜቴ አህያ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጫንበት የኖረችው የበሬ ጠፍር ነው፤ ከእናቷ መጫኛና ከአያቷ መጫኛ ጋር ቀጣጥላ አረዘመችው። አህያ ከወላጆቿ ከመጫኛ ሌላ ምን ትወርሳለች? ጠፍሩ ግን በፀሐይ ደርቆ እንደ እንጨት ግትር ብሏል።

«ይህ ከነድርቀቱ ቢሳብ ይበጠሳል» አለ አባ ዝንጀሮ። «ነገ ሙሉ ቀን በሞራ ይታሽ። ደግሞ ስሙኝ፤ ከደረቅ ቅርንጫፍ ሥር ማንም እንዳያንጎላጅ፤ ጆሮዬ ይመስክር። ዛፍ ሲወድቅ ከግንዱ ኋላ እንዳትቆሙ፤ ግንዱ ወደ ኋላ ይራገጣል።»

«ዛፍ ይራገጣል!» ብላ ሳቀች እሜቴ ቀበሮ። «በሬውስ ቅጠል ያወጣ ይሆን? ዛፉ ወደ ፊት ከወደቀ ኋላው ነው የሰላም ቦታ። እኔ ቆሜ የማዝዘው ከኋላ ነው።»

«እሜቴ ቀበሮ» አለች አህያ ረጋ ብላ፣ «ስለ ርግጫ እኔን ጠይቂኝ። ከኋላዬ ቆሞ ያተረፈ እስካሁን አላየሁም።»

አባ ዝንጀሮ አንድ ሌላ ደንብም ተናግሮ ነበር። ነገር ግን ልክ በዚያች ሰዓት የሞራው ቅል ተከፈተና የአያ ጅቦ ጆሮ ተጠቅልሎ አፍንጫው ውስጥ ገባ። ያቺን ደንብ አልሰማትም።

«ሞራውን ማን ያሻል?» ሲባል ብቻ ሰማ።

«እኔ!» አለ፣ ከሜዳው ወዲያና ወዲህ እስኪሰማ ድረስ። «እኔ ነኝ የማሸው! ማሸት ከልጅነቴ ይሆንልኛል!»

እሜቴ አህያ መጫኛዋን አየች፣ ጅቡን አየች፣ ቀበሮን አየች። የበሬ ቆዳ፣ በሞራ ተቀብቶ፣ ለጅብ! ይህን ያሰበ አእምሮ ደህና ነው? እሜቴ ቀበሮ ግን ሞራ እጇን እንዳይነካ እንጂ ሌላ ነገር አልታያትም።

በማግስቱ ሥራው ተጀመረ። አባ ዝንጀሮ ከላይ ቅርንጫፍ ይመለምላል፣ እሜቴ አህያ ከሥር ታግዛለች፣ እሜቴ ቀበሮ ከዛፉ ጥላ ተጋድማ «በርቱ! በርቱ!» ትላለች። አያ ጅቦ ብቻውን ከቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ ያሻል። መጀመሪያ በእግሩ አሸ። ትንሽ ቆይቶ «ምላስ ይለሰልሳል» አለና በምላሱ አሸ።

«ጥርስስ?» አለው ሆዱ።

«ጥርስ ክልክል ነው።»

«ማን ከለከለ? ጫፉን ብቻ እኮ ነው። ጫፍ ደግሞ ሁልጊዜ ትርፍ ነው።»

በዚህ መሐል አባ ዝንጀሮ ከላይ «ተጠንቀቁ!» ብሎ ጮኸ። አንድ የደረቀ ቅርንጫፍ፣ ራሱን ችሎ ዛፍ የሚያህል፣ እየተምዘገዘገ ወርዶ ከእሜቴ ቀበሮ አፍንጫ ሥር «ጓ!» ብሎ ተተከለ። እሜቴ ቀበሮ ተነሥታ አቧራዋን አራገፈች።

«አየሁት እኮ! ሆን ብዬ ነው ያልተነሣሁት» አለች፤ ጅራቷ ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እስከ ፀሐይ መግቢያ ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ሁሉም ወደ እሷ ሲያዩ አያ ጅቦ ጫፉን ገመጠ። ያ ጫፍ ሲያልቅ ግን ሌላ ጫፍ ተገኘ። መጫኛ እንዲህ ነው፤ የቱንም ያህል ብትበላው ጫፍ አያጣም! «አቤት በረከት!» እያለ የእሜቴ አህያን እናት መጫኛ ጨርሶ፣ ወደ አያቷ መጫኛ ተሻገረና ቋጠሮው ጥርሱ ላይ ሲያዝ ነው የባነነው።

ቀና ብሎ አየ። የተረፈውን ጠፍር፣ ወደ ላይ ለማሰሪያ የሚወጣውን ቀንሶ፣ ከዛፉ ግንድ ጀምሮ መሬት ለመሬት ዘረጋው። ነጩ ድንጋይ ጋ ሊደርስ የአንድ ጥሩ እራት ያህል ጎደለው።

አያ አንበሳ «ሥራዬን ያበላሸ ይታረዳል» ያለው አሁን ገና የጅቦ ጆሮ ውስጥ ገባ።

«ልንገራቸው?» አለው ሆዱን። «መጫኛው ሳሸው ጠፋ ልበል?»

«ሞኝ!» አለው ሆዱ። «መጫኛው አጠረ ያለህ ማን ነው? ድንጋዩ ራቀ እንጂ!»

አያ ጅቦ በዚህ ነገር ተመሰጠ። እውነት ነው! መጫኛው በቦታው ነው፤ የተበላው ደግሞ በሆዱ ነው፤ ከቦታው ውጭ የሆነው ድንጋዩ ብቻ ነው። ግራ ቀኝ አይቶ፣ ድንጋዩን በአፍንጫው እያንከባለለ፣ እያንከባለለ ወደ ዛፉ አስጠጋው። መጫኛው አሁን ድንጋዩን አልፎ ለአንገት ማስገቢያ የሚበቃ ያህል ተረፈ።

«ዛፉን አሳጠርኩት!» አለ ጅቦ በኩራት።

ሆዱ ግን ከእሱ ይልቅ አርቆ አሳቢ ነበር። «ቆይ» አለው፣ «ጎታቿ ማን ናት?»

«ሸክምና ጉተታ ከፍጥረት ጀምሮ የአህያ ነው።»

«እሷ ከዚህ ድንጋይ አጠገብ ትቆማለች። ዛፉ ደግሞ ከዚህ ድንጋይ በላይ ይረዝማል። ታዲያ ምን ይሆናል?»

አያ ጅቦ አሰበ። ሐሳብ ወደ ጭንቅላቱ ለመድረስ ጊዜ ይፈጅበታል፤ ሲደርስ ግን ፊቱ በራ። ሰንጋ ለምሳ! የተጨፈለቀች አህያ ለእራት! በሳቅ ከቁጥቋጦው ሥር ተንከባለለ።

«ምን ያስቅሃል አያ ጅቦ?» አለች እሜቴ አህያ፣ ቅርንጫፍ ተሸክማ ስታልፍ። «መጫኛዬስ ደህና ነው?»

«እንደ እናቴ ልጅ ነው የያዝኩት እሜቴ አህያ! እንዲያው ከሆዴ አይለይም!»

ሲነጋ ነፋስ ተነሣ። ዝግባው «ቀጭጭ... ቋ...» አለ። አያ አንበሳ ከዋሻው ወጥቶ ጋማውን እያራገፈ «ዛሬ ይውደቅ! አሁን ይውደቅ!» ይላል። ሰንጋው ከወዲያ ታስሯል፤ አያ ጅቦ አንድ ዓይኑን ሰንጋው ላይ፣ አንድ ዓይኑን አህያዋ ላይ ጥሏል። ሁለት ዓይን ብቻ በመፈጠሩ በዚያን ዕለት አዘነ።

አባ ዝንጀሮ ወጥቶ መጫኛውን ከላይ አሰረና ወረደ። ጫፉ ሜዳው ላይ ተዘረጋ፤ ድንጋዩን አለፈ። ሽማግሌው ከግንዱ ሥር ሆኖ ዓይኑን አጨንቁሮ አየና «አልፏል፣ ደህና ነው» አለ።

እሜቴ አህያ በዚህ ጊዜ ከዚያ ራቅ ብላ ሣር ትግጣለች። ድንገት መጋጥ አቆመች። ሣሩ መሐል አንድ ክብ ቦታ ተጨፍልቆ ተኝቷል፤ የጅብ ራስ የሚያክል። ከዚያም ወደ ዛፉ አቅጣጫ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ተጎትቶ የተኛበት መንገድ አለ። በአህያ ዓይን ሣር ማለት ለእኛ ፊት እንደ ማለት ነው፤ ትናንት እንዴት እንደ ዋለ ዛሬ አይታ ታውቃለች።

ወደ ነጩ ድንጋይ መጣች።

«አያ ጅቦ፣ ድንጋዩ ጥላ አምሮት ወደ ዛፉ ሲሄድ ነው ያገኘሁት ልበል?»

«ኧረ ምን ትያለሽ?» ብሎ አስካካ ጅቦ። ሳቁ ከተገቢው በላይ ረዘመ። «ድንጋይ እግር አለው እንዴ? ይህ ድንጋይ አባ ዝንጀሮ ካስቀመጡት ወዲህ ንቅንቅ አላለም። ብትፈልጊ እምልልሻለሁ!»

«በምን ትምልልኛለህ?»

«በሆዴ!»

እሜቴ አህያ አንድ ጊዜ ሆዱን አየች። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል።

«አባ ዝንጀሮ» አለች ጮክ ብላ፣ «ከመቁረጥዎ በፊት አንድ ጊዜ ይለኩልን። እንደገና ጎንበስ ብለው ይዩት።»

ለአያ ጅቦ ወዲያው ብልሃት መጣለትና ወደ አያ አንበሳ ተንደረደረ።

«ጌታዬ! ያንን መላጣ እንደገና ሊያሳዩዎት ነው! በዚህ በማለዳ! ቁርስ እንኳ ሳይቀምሱ!»

«አይሆንም!» ብሎ አገሣ አንበሳ። «እሱን ያየሁ ቀን ምሳዬ አልወረደልኝም! ልኬት አንዴ ነው፤ በቃ! መጥረቢያውን አንሣ!»

አያ ጅቦ በደስታ ሊበር ምንም አልቀረው። እሜቴ ቀበሮም «ልክ ነው! ልክ ነው! ሰንጋው ቆሞ እየጠበቀን ምን ዳግመኛ ልኬት ነው!» አለችና ሄዳ ከግንዱ ኋላ ተኮፍሳ ቆመች።

«መልካም» አለ አባ ዝንጀሮ። «ካልተለካ አልተለካም። ለዚህ ለዚህ ነው አባቶቻችን ያቺን ደንብ ያኖሩልን። አያ ጅቦ፣ ና፣ ጫፉን ያዝ።»

«ማን?»

«አንተ።»

«እኔ ምኑን ነው የምይዘው?»

«መጫኛውን ነዋ! ከትናንት ወዲያ ነግሬያችሁ የለ? የዛፍ ጣዮች ደንብ ነው፤ መጫኛውን ያሸ እሱ ይጎትተዋል። ያሸው ሰው የጠፍሩን ጉዳት ከማንም ይልቅ ያውቃል። እጎትተዋለሁ ብሎ ያሸ ደግሞ አሳምሮ ያሻል።»

የአያ ጅቦ ጆሮ ከአፍንጫው ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ። ግን ዘግይቷል።

«አህያዋስ?» አለ በቀጭን ድምፅ። «ጉተታ ከፍጥረት ጀምሮ... እኔ ደግሞ ወገቤን...»

«ደንብ ነው!» አለ አንበሳ። «ያዝ!»

አያ ጅቦ ወደ ነጩ ድንጋይ ተራመደ። እንዲህ አጭር መንገድ እንዲህ ሲረዝም አይቶ አያውቅም። ዛፉን ከሥር ወደ ላይ አየው፤ አናቱ ደመናው ውስጥ ነው። እሜቴ አህያ አጠገቡ መጥታ ዝቅ ባለ ድምፅ አነጋገረችው።

«አያ ጅቦ፣ አንተ እኔን ስታይ ምን እንደሚያምርህ አውቃለሁ። ቢሆንም ዛፍ ሲጨፈልቅህ ማየት አልፈልግም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። የምትለን ነገር ካለ መጥረቢያው ሳያርፍ በል። ጠፍር ነው፣ ሌላ ይፈለጋል። ጌታችንም ቢቆጡ ገና ዛፉ ቆሟል፣ ያልተበላሸ ሥራ ነው። እኔም የመጫኛው ባለቤት ነኝና እለምንልሃለሁ።»

ጅቦ አፉን ከፈተ። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። እዚያ ግን የሞራውን ጣዕም አገኘና ቆመ።

«ከተናገርክ ሰንጋው የለም» አለው ሆዱ። «ድንጋዩን ተመልከት። ከድንጋዩ ወዲያ ነህ አይደለም?»

«ነኝ።»

«ከድንጋዩ ወዲያ የቆመ ምንም አይሆንም ተብሎ የለ?»

«ተብሏል።»

«ታዲያ?»

አያ ጅቦ ድንጋዩን አየው። ነጭ ነው፣ ቅን ይመስላል፣ ፊቱ ውሸት የሚያውቅ ድንጋይ አይደለም። ትናንት በገዛ አፍንጫው እያንከባለለ ያመጣው መሆኑን ረሳና ታመነበት።

«ምንም የምለው የለኝም!» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ድንጋዩ እዚህ ነው፤ እኔም ከድንጋዩ ወዲያ ነኝ! ገለል በይልኝ፣ ሥራ አለብኝ!»

እሜቴ አህያ ራሷን ነቅንቃ ገለል አለች፤ ወደ ጎን፣ ሩቅ።

መጥረቢያው «ቋ! ቋ! ቋ!» አለ። አያ ጅቦ የመጫኛውን ጫፍ በጥርሱ ነክሶ ሳበ። ሳበ ከተባለ ደግሞ ጅብ ነው! አራት እግሩ መሬቱን እያረሰ አራት ቦይ አወጣ፤ እዚያ ቦታ ላይ በኋላ ባቄላ ተዘርቷል ይባላል። ዝግባው ከዋሻው ወገን ቀና አለ። ቀጥ ብሎ ቆመ። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ወደ ሜዳው ዘንበል አለ።

«መጣ!» ብሎ ጮኸ አባ ዝንጀሮ፣ ወደ ጎን እየዘለለ። «ልቀቅና ሩጥ!»

አያ ጅቦ ቀና አለ። ሰማዩ ቅጠል ሆኖ ይወርዳል። ነጩን ድንጋይ አየ፣ ዛፉን አየ። ዛፉ ስለ ድንጋዩ የሰማም አይመስል፤ ትልቅ ነገር ምልክት አያነብም፣ በራሱ ቁመት ነው የሚወርደው።

«ልልቀቅ?» አለው ሆዱን።

«ሞራውን?!» አለው ሆዱ በድንጋጤ። «እብድ ነህ?»

«ልቀቅ አያ ጅቦ! ልቀቅ!» ትላለች እሜቴ አህያ ከወዲያ፤ ጩኸቷ ሦስት ቀበሌ ይሰማል። «ቆዳ ነው! ሌላ ቆዳ ይገኛል!»

ጅብ ግን ቆዳ ከነከሰ ጥርሱን የሚያስለቅቀው ነገር በዚህ ዓለም አልተፈጠረም። መጫኛውን ይዞ ሮጠ፤ መጫኛው የታሰረው ዛፉ ላይ ነው፤ የሚሸሸውን ዛፍ በጥርሱ እየጎተተ ይሸሻል። ሁለት እርምጃ ሄደ።

«ድድድምምም!»

በዚያች ሰዓት በአገሩ ያለ ዶሮ ሁሉ እንቁላል ጣለ፤ አውራዎቹም ጭምር ጥለዋል የሚል አለ። ግንዱም ከጉቶው ሲላቀቅ፣ ልክ አባ ዝንጀሮ እንዳለው፣ ወደ ኋላ ተራገጠ። እሜቴ ቀበሮ «እያዘዝኩ...» ስትል በጅራቷ ተገልብጣ ስትበር ታየች፤ ያረፈችው ሳማ መሐል ነው። ከዚያ ቁጥቋጦ ውስጥ የወጣው ጩኸት የእሷን አያት ከመቃብር ይቀሰቅሳል።

«አልኩሽ እኮ» አለች እሜቴ አህያ።

አያ ጅቦ ደግሞ ከወገቡ በላይ ውጭ፣ ከወገቡ በታች ቅጠል ሥር ሆኖ ተገኘ። ነፍሱ አለች። መጫኛውም በአፉ አለ። እሜቴ አህያ የጠፍሩን ቁራጭ ደረቱ ላይ አስራ፣ ወደ ኋላ እየተራመደች ጎተተችው።

«እሱን ደግሞ እንዳትበላው አደራ!» እያለች ነው ያወጣችው።

አያ አንበሳ መጣ። ዋሻው አንድ ጠጠር አልተነካም። ዛፉ ሜዳው ላይ ተጋድሟል፤ ነጩ ድንጋይ ከግንዱ ሥር ተጨፍልቆ ዱቄት ሆኗል፤ የዛፉ አናት ግን ከዚያ እጅግ አልፎ፣ ሣሩ ክብ ሆኖ በተኛበት ቦታ ላይ ልክ ልኩን አርፏል። አንበሳ ያንን አየ። ከዚያ የመጫኛውን ጫፍ አነሣ። የጥርስ ምልክት አለበት፤ ከሞራ ይልቅ ምራቅ ይበዛበታል።

«አያ ጅቦ፣ የቀረው መጫኛ የት ገባ?»

«ጌታዬ፣ ሳሸው... ለስልሶ... ገባ።»

አንበሳ ሊቆጣ ጥፍሩን አወጣ። እሜቴ አህያ ግን ጆሮዋን ጣል አድርጋ «ጌታዬ፣ ሥራው እንኳ አልተበላሸም፤ የተበላሸው ሠራተኛው ነው» ብትለው ሳቁ መጣ። አንበሳ ሲስቅ የወደቀው ዛፍ እንደገና ሊነሣ ቃጣው።

ሰንጋው ታረደ። አባ ዝንጀሮ የዛፉን ፍሬና ክብሩን ወሰደ፤ ከእንግዲህ ወደ አንበሳ ሲመጣ ግን ፊት ለፊት ብቻ እንዲሆን ታዘዘ። እሜቴ ቀበሮ ሥጋዋን ቆማ በላች፤ መቀመጥ አልሆነላትም። አያ ጅቦ ድርሻውን ሲጠይቅ አንበሳ «የአንተ ድርሻ ቆዳው ነበር፤ አስቀድመህ በልተኸዋል» አለው። የሰንጋው ቆዳ ለእሜቴ አህያ አዲስ መጫኛ እንዲሆን ተፈረደ። እሷም እጅ ነሥታ ተቀበለች፤ ፊቷ ግን እምብዛም አልፈካም። አዲስ መጫኛ ምን ማለት እንደሆነ ጀርባዋ ያውቃል።

የጅብ ወገብ ከዚያ ወዲህ ዝቅ ብሎ ቀረ። ሲሄድ እያነከሰ ነው። ስለዚያ ቀን የጠየቀው ካለ አሁንም «ጥፋቱ የድንጋዩ ነው» ይላል፤ በመንገዱም ድንጋይ ባየ ቁጥር ቆም ብሎ፣ ግራ ቀኝ አይቶ፣ በአፍንጫው ትንሽ ገፋ ያደርጋል።

ከዚህ የምንማረው፣ ድንጋዩን ስላስጠጉት ዛፉ አያጥርምና፣ መጫኛ የበላ ሰው ዛፉ ገና ቆሞ ሳለ «በልቻለሁ» ማለት እንዳለበት ነው።